ሥዕልን ስለ ማየት፤ በአምቦ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚሄደው የአምቦ ጐዳና፣ ርዝመቱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በጥቅምት ወር ለሚያልፍበት መንገደኛ እጅግ ያማረ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ በጠራ ጊዜ፣ የጤፉ ማሳ ገና አረንጓዴ ሳለ ጫፉ ወደ ወርቅነት ሲያደላ፣ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ያለውም ባሕር ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝ ያየ ሰው፣ ዓይኑ ሳይጠግብ ከሆለታ ይደርሳል። እኛም በዚህ ወር ጥቂት የሥዕል ተማሪዎችንና መምህራቸውን ተከትለን እስከ አምቦና እስከ ጉደር ደርሰን ተመለስን። መምህሩ ይህን ጉዞ ያሰቡት ተማሪዎቻቸው ማየትን እንዲለማመዱ ነበር። ስለዚህም እርሳስና ወረቀት እስከ ሁለተኛው ቀን ድረስ ከሣጥን እንዳይወጣ ከለከሉ። ሥዕል ሊማር የሚሄድ ሰው እርሳስ መከልከሉ እንግዳ ነገር ስለ ሆነብን ምክንያቱን በመንገድ ላይ ጠየቅናቸው። የመለሱልንንና በኋላም ራሳችን ያየነውን፣ ልጆቻቸው ሥዕል ለሚወዱ አንባቢዎቻችን ይጠቅም ይሆናል ብለን እነሆ ጽፈነዋል።

በአገራችን የሥዕል ትምህርት በዘመናዊ ሥርዓት መሰጠት ከጀመረ ብዙ ዘመን አልሆነም። አቶ አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ይህም ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው ተጠርቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። ከዚያ በፊት የነበረው የአገራችን ሠዓሊ ሙያውን የሚማረው ከአባቱ ወይም ከመምህሩ ጐን ተቀምጦ፣ ቀለም እየበጠበጠና የቀደሙትን ሥዕሎች ደጋግሞ እየተመለከተ ነበር። እጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዓይኑ ብዙ ዓመት ይሠራ ነበር ማለት ነው።

«የዛሬው ተማሪ እጁ ቶሎ ይሠለጥናል» አሉን መምህሩ። «መልክ ማስመሰልን በሁለት ዓመት ይችላል። ነገር ግን በሌላ ሰው ሥዕል ፊት አቁመን ‹ምን ታያለህ?› ብንለው፣ ‹ቆንጆ ነው› ወይም ‹ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው› ብሎ ዝም ይላል። የመጀመሪያው ምስጋና ነው፤ ሁለተኛው ስም ነው። ያየውን ግን ገና አልነገረንም።»

በሆለታ ብዙ አልቈየንም። ይህች ከተማ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት የገነት ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት፣ ከተማሪዎቿም ብዙዎቹ በጠላት ወረራ ዘመን በጥቁር አንበሳ ማኅበር የተሰለፉባት ስለ ሆነች፣ ታሪኳ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ነው። ቡና ጠጥተን አለፍን።

ከዚያም አዲስ ዓለም ደረስን። ዳግማዊ ምኒልክ ይህችን ከተማ በ1893 ዓ.ም. ግድም አዲስ መናገሻቸው ትሆን ዘንድ አስበው ማሠራት ጀምረው እንደ ነበር አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቈረጠ ስላለቀ፣ ከተማውን ወደዚህ ለማዛወር ታስቦ ነበር። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ እየበቀለ የማገዶውን ችግር ስላቀለለ፣ አዲስ አበባ ሳትለቀቅ ቀረች፤ በኰረብታው ላይ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ ወደ አዲስ ዓለም ማርያም የሚገባ ሰው፣ ለንጉሥ ማረፊያ ተብሎ በተጀመረ ቤት ውስጥ ቆሞ የቅዱሳንን ሥዕል ይመለከታል።

ተማሪዎቹ ጫማቸውን አውልቀው እንደ ገቡ ሁሉም በአንድ ጊዜ የእጅ ስልካቸውን አወጡ። መምህሩ አልተቈጡም፤ አንድ የሸራ ከረጢት ይዘው በየተራ እየዞሩ ስልኩን ሁሉ ሰበሰቡ። አንድ ትሑት ዲያቆን ሊያስጐበኘን ቀርቦ የሥዕሎቹን ስምና ታሪክ መናገር ሲጀምርም «ወንድሜ፣ እባክህ ሩብ ሰዓት ብቻ ታገሠን፤ ከዚያ በኋላ የምታውቀውን ሁሉ ትነግረናለህ» ብለው ለመኑት። ዲያቆኑ ተገረመ። እስከ ዛሬ የመጣው እንግዳ ሁሉ ከበር ጀምሮ «ይህ ማን ነው? ያ ማን ነው?» እያለ ሲጠይቀው ኖሯልና።

የሩብ ሰዓት ዝምታ ለወጣት ቀላል ነገር አይደለም። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች አንዱ አዛጋ፤ ሌላው የጣሪያውን እንጨት መቍጠር ጀመረ፤ ሁለት ልጃገረዶች በሹክሹክታ ሲነጋገሩ በዓይን ተገሠጹ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከሥዕሉ ራቅ ብሎ የቆመው ቀረበ፤ የቀረበውም ወደ ኋላ አፈገፈገ። አንዱ አንገቱን አዘንብሎ፣ ሌላይቱ አንድ ዓይኗን ጨፍና ማየት ያዙ። ሩብ ሰዓቱም ሲያልቅ መምህሩ እያንዳንዱ አንድ ያየውን ነገር ብቻ እንዲናገር አዘዙ፤ ስም መጥራት፣ ታሪክ መንገር፣ ሌላው የተናገረውንም መድገም ተከለከለ። አንዱ «ቀዩ ቀለም በሁለት ዓይነት ነው፤ የልብሱ ይደምቃል፣ የመጋረጃው ይጠቍራል» አለ። «ከምን የተነሣ ይመስልሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ ተመልሶ ሄዶ አየና «ልብሱ ወደ እኛ እንዲቀርብ ነው» አለ። ዲያቆኑ ታሪኩን የነገረን ከዚህ በኋላ ነበር፤ ተማሪዎቹም ጥማት እንደ ያዘው ሰው ሆነው አዳመጡት።

ይህን ባየን ጊዜ የቅኔ ቤት ትዝ አለን። በቅኔ ቤት ተማሪው ሰሙን አደላድሎ ሳይዝ ወደ ወርቁ ልዝለል ቢል መምህሩ አይቀበለውም። ቃሉን፣ አገባቡን፣ ቤት መምታቱን ሁሉ አስቀድሞ ማሳየት አለበት። በሥዕልም ሰሙ በሸራው ላይ ያለው መሥመርና ቀለም፣ ማን ወደ ማን እንደሚመለከት፣ የትኛው ትልቅ የትኛው ትንሽ እንደ ሆነ ነው፤ ወርቁም ታሪኩና ምሥጢሩ ነው። ስለ ሥዕል ትምህርት በውጭ አገር የተጻፈውን መጽሐፍ ሁሉ የሚያገላብጥ ሰው፣ አንድ ወር በቅኔ ቤት ቢቀመጥ ብዙ የሚያተርፍ ይመስለናል።

ወደ ጊንጪ ስንጓዝ ይህንኑ ለመምህሩ ብንነግራቸው ደስ አላቸው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጨመሩበት። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በዚያው በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ ሰው ወይም ዛፍ የማይታይባቸው፣ ቀለምና ቅርጽ ብቻ የሆኑ ናቸው። «በእንዲህ ያለው ሥዕል ፊት ታሪክ ብቻ መስማት የለመደ ሰው ጦሙን ይቆማል» አሉ መምህሩ። «ሰሙን ማየት የለመደ ግን የሚበላው አያጣም። ልጆቼን ወደ ጥንቱ ሥዕል የማመጣቸው ለአዲሱም ጭምር ነው።»

ከጊንጪ አልፈን ከዋናው ጐዳና ጥቂት ገባ ብላ ወደምትገኝ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ስሟን መጥቀስ አላስፈለገንም። ክብ ናት፤ ዙሪያዋን የጥድና የወይራ ዛፍ ከቧታል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በሸራ የተለጠፈ አሮጌ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አለ፤ በመጋረጃም ይሸፈናል። አንድ ሽማግሌ መሪጌታ መጋረጃውን ገልጠው ከሳሙ በኋላ፣ እንግዶቹ የሥዕል ተማሪዎች መሆናቸውን ሲሰሙ ያልጠበቅነውን ጥያቄ አቀረቡ።

«ልጆቼ፣ ይህ ሥዕል እንደምታዩት አርጅቷል። የጧፉና የዕጣኑ ጢስ አጥቍሮታል፤ ከታችም ተቀዷል። አንድ ባለ ስለት አዲስ አሥለው ሊሰጡን ቃል ገብተዋል። በሚመጣው እሑድ ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ይህ ተነቅሎ በአዲስ ይተካ ወይስ ይቈይ ብሎ ይቈርጣል። እናንተ የተማራችሁት ምን ትላላችሁ?»

አንድ ወጣት ፈጥኖ «አዲሱ ይሻላል፤ ብሩህና ንጹሕ ይሆናል» አለ። መምህሩ እጃቸውን አንሥተው «መሪጌታ፣ መልሱን ከማየታችን በፊት ሰጠንዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልን። አይተን እንመልስልዎታለን» አሉ። ሽማግሌውም ፈገግ ብለው ወደ ውጭ ወጡ።

ይህ ዝምታ የአዲስ ዓለሙን አይመስልም ነበር። አሁን ያዩት ነገር በአንድ ሥዕል መኖርና አለመኖር ላይ የሚፈርድ ሆኗልና፣ ማንም አላዛጋም። ሲናገሩም አንዱ ፈረሱ ነጭ ይባል እንጂ ነጩ ቀለም ከአመድና ከቢጫ የተደባለቀ መሆኑን አመለከተ። ሌላው የቅዱሱ ዓይን ወደ ዘንዶው እንደማይመለከት፣ ጦሩን እየወጋበት ሳለ እንኳ እኛን እንደሚያይ ተናገረ። ሦስተኛይቱ በዛፍ ላይ ያለችው ብሩታዊት እጇን የዘረጋችው ለልመና ይሁን ለምስጋና መለየት እንደማይቻል ገለጸች።

ከተማሪዎቹ መካከል አንድ ቀልደኛ ነበረና ተራው ሲደርስ «እኔ የማየው ዝንብ ነው» አለ። በእውነትም አንዲት ዝንብ በሸራው ላይ ዐርፋ ነበር። ሌሎቹ ሣቁ። መምህሩ ግን ሳይሥቁ «የት ላይ ዐርፋለች?» ብለው ጠየቁት።

«በዘንዶው ዓይን ላይ።»

«በየትኛው ዓይኑ?»

ልጁ ቀረብ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። «አንድ ብቻ ነው ያለው» አለ።

በዚያን ጊዜ መምህሩ የጥንቱን የአገራችንን የሥዕል ሥርዓት ነገሯቸው። ጻድቅ የሆነው ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው ግን በጐን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የዐድዋን ጦርነት በሚያሳዩት ሥዕሎች ላይም ወገኖቻችን ፊት ለፊት፣ ጠላቶቹ በጐን የሚታዩት በዚህ ሥርዓት ነው። ተማሪዎቹ ይህን ከመጽሐፍ ቢያነቡት ኖሮ በማግስቱ ይረሱት ነበር፤ በዝንብ ምክንያት ያገኙትን ግን የሚረሱት አይመስለንም።

በመጨረሻ የተናገረችው ለአምቦ ከተማ ቅርብ በሆነ ገጠር የተወለደች ልጃገረድ ነበረች። «ቅዱስ ጊዮርጊስ ጫማ አላደረገም» አለች። «እግሩንም በሙሉ በእርካቡ አላስገባም፤ አውራ ጣቱን ብቻ ነው ያስገባው።» ጓደኞቿ አላመኗትም። ቀርበው ሲያዩ ግን እርካቡ ትንሽ ቀለበት ሆኖ በባዶ እግሩ አውራ ጣት ላይ ተንጠልጥሏል። የፈረሱም ግላስና ልጓም በቀይ ክር ያጌጠ ነበር። ከአንባቢዎቻችን መካከል የአያቶቻቸውን አቀማመጥ የሚያስታውሱ ሁሉ ይህን ያውቁታል፤ የጥንቱ ፈረሰኛ እርካቡን በጣቱ ይዞ ነበር የሚጋልበው። ለወጣቶቹ ግን ይህ አዲስ ነገር ሆነባቸው።

ማታ አምቦ ገባን። ይህች ከተማ፣ በቀድሞ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ የተጠራችው፣ በፍል ውሃዋና በጠበሏ፣ በጠርሙስም ታሽጎ በመላ አገሪቱ በሚጠጣው ውሃዋ የታወቀች ናት። ለእኛ ግን በዚያ ሌሊት ይበልጥ ያሰብነው፣ በአጠገቧ በቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለደውን ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ነበር። እርሱ ገና በአምቦ የትምህርት ቤት ልጅ ሳለ ተውኔት ጽፏል። የልጅን ሥራ አይቶ «ምን አየህበት?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ በአገሩ ባይኖር፣ ከእንዲህ ያለው ልጅ ስንቱ ሳይታወቅ ይቀር እንደ ነበር ማን ያውቃል። በነገራችን ላይ፣ ልጃቸው የሣለውን ይዞ ሲመጣ «ጐበዝ!» ብለው ወረቀቱን የሚያስቀምጡ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። ከዚህ ይልቅ «ይህ ቤት በሩ ለምን ከሰውየው ያንሳል?» ብሎ መጠየቅ ልጁን አብልጦ ደስ ያሰኘዋል፤ ሥዕሉ በእርግጥ መታየቱን ያውቃልና።

ከራት በኋላ ተማሪዎቹ የአምቦ ውሃቸውን ይዘው ተሰበሰቡ፤ ክርክሩም ተጀመረ። አዲሱ ይሻላል ብሎ የነበረው ወጣት ሐሳቡን አልለቀቀም፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። «ቤተ ክርስቲያኒቱ ሙዚየም አይደለችም» አለ። «ገበሬው ከሩቅ መጥቶ የሚጸልይበት ሥዕል ነው። ጠቍሮና ተቀዶ ፊቱ ካልታየው ለእርሱ ምን ይረባዋል? እኛ ዛሬ አይተነው እንሄዳለን፤ እነርሱ ግን ዘወትር አብረውት ይኖራሉ።» ለጊዜው መልስ የሰጠው አልነበረም። እኛም ይህ ቃል ሊናቅ የማይገባው ነው ብለን አስበናል፤ በከተማ ተቀምጦ ለገጠር ሰው «አሮጌውን ያዝ» ማለት ቀላል ነውና።

ልጃገረዷ በመጨረሻ «አዲሱም ይሣል፤ በሌላ ግድግዳ ይለጠፍ። ይህኛው ግን አይነቀል፤ ይጠገን» አለች። መምህሩም በዚህ ላይ የሕጉን ነገር አስታወሱ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስን ለመጠገን ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዝዛል። ይህን አዋጅ በየወረዳው ያሉ ሹማምንት ቢያውቁትና ለካህናቱ በጊዜው ቢነግሯቸው፣ ብዙ ሥዕል ከመነቀል በዳነ ነበር እንላለን።

በማግስቱ ጧት ወደ አምቦ ገበያ ወረድን። ልጃገረዷ የፈረስ ዕቃ ወደሚሸጥበት ስፍራ በቀጥታ መራችን። በዚያም በቀይ ክር የተጌጠ ልጓም፣ ኮርቻና ግላስ ተዘርግቶ አየን፤ የቀዩ ክር አሰፋፍ በሥዕሉ ላይ ካለው ጋር ተመሳሳይ ነበር። አንድ ሽማግሌ ነጋዴን በኦሮምኛ አነጋግራ፣ በጣት የሚያዘውን እርካብ ያውቁት እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ሣቁና ጫማቸውን አውልቀው አውራ ጣታቸውን አሳዩን፤ «አባቴ በዚህ ነበር የሚጋልበው» አሉ። አዲሱ ይሻላል ባዩ ወጣት ከጐናችን ቆሞ ነበር። ምንም አልተናገረም፤ ነገር ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እርሳስ እንዲሰጠው ለመነ።

እርሳሱም ተፈቀደ። ከቀትር በኋላ ጉደር ወርደን፣ ወደ ዐባይ የሚፈስሰው ወንዝ ከገደሉ ሲወድቅ ተማሪዎቹ ሣሉ። ስለ ፏፏቴው ውበት ሌሎች ብዙ ስለ ጻፉ እኛ አንጨምርም። የሚያስደንቀው ግን አንድም ተማሪ ወዲያው መሣል አለመጀመሩ ነው፤ ማንም ሳያዝዛቸው ሁሉም ቆመው አዩ።

በዚያው ምሽት ለመሪጌታው ደብዳቤ ተጻፈ። የጻፈው ያ ወጣት ነበር፤ ሌሎቹ ቃል በቃል እየተከራከሩ ያርሙት ነበር። ደብዳቤው ምክር አልበዛበትም፤ በሥዕሉ ላይ ያዩትን በተራ ይዘረዝራል። የቅዱሱ ዓይን ወደ ማን እንደሚያይ፣ የዘንዶው ዓይን ስንት እንደ ሆነ፣ የፈረሱ ነጭ ከምን ከምን እንደ ተቀላቀለ፣ የግላሱ ቀይ ክር እስከ ዛሬ በአምቦ ገበያ እንደሚሸጥ፣ ሠዓሊው የዚህን አገር ፈረሰኛ በዓይኑ አይቶ መሣሉንም ይናገራል። ከዚያም አዲሱ ሥዕል በሌላው ግድግዳ እንዲሆን፣ ይህም በባለሙያ እስኪጠገን ድረስ መጋረጃው ሳይገለጥ እንዲቈይና ጧፉ ራቅ ብሎ እንዲበራ በትሕትና ይለምናል። «እኛ እንግዶች ነን፤ ፍርዱ የእናንተ ነው» የሚለውን ቃል ያስገባው ራሱ ወጣቱ ነው።

ስንመለስ በቤተ ክርስቲያኒቱ በኩል አለፍን። መሪጌታው ደብዳቤውን በወይራው ሥር ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። እሑድ በጉባኤው ፊት እንደሚያነቡት ነገሩን፤ ጉባኤው ምን እንደሚል ግን አላውቅም አሉ። ከዚያም ወረቀቱን አጥፈው በዳዊታቸው ውስጥ አስቀመጡና ወደ ልጃገረዷ ዞሩ።

«እኔ በዚህች ቤተ ክርስቲያን አርባ ዓመት አገልግያለሁ» አሉ። «ጣቱ የቱ ጋ ነው ያልሽው፣ ልጄ?»

እርሷም ጫማዋን አውልቃ ቀደመች፤ እርሳቸውም ተከትለው ገብተው መጋረጃውን ገለጡት።